ክረምት ክረምት ሰው ቤት የሚያድረው ሙዚየም

ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ ስንመጣ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። የዚህን አገር ምስጥ ያስተዋወቀችኝ የበርታዋ ጓደኛዬ ዐፊፋ ናት። «ሰው ያለበት ቤት፣ የሚጠረግ፣ ጭስ ያለው፣ ምስጥ ይፈራል» ትለኝ ነበር።

ዐፊፋ ኋላ የአሶሳው ትንሽ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጠባቂ ሆነች። አንዲት ክፍል ናት፤ የተሣሉ ቅሎች፣ የቀርከሃ ቅርጫቶች፣ በርጩማዎች፣ በጠቅላላው ሃያ ሁለት ዕቃ። አንዱ ባለቤቴ ታፈረ የሣለው ሥዕል ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ያመጣንን የጭነት መኪና በከሰልና በቀይ አፈር ጣውላ ላይ ሥሎት ነበር። ሲሞት ለሙዚየሙ ሰጠሁት።

በመጀመሪያው ክረምት ምስጥ አንዱን በርጩማ ከውስጥ ጨርሶት፣ ዐፊፋ ብታነሳው እጇ ላይ ፈረሰ። መድኃኒት ይላክልን ብላ አስጻፈች፤ መልስ የለም። በዓመቱ ሰኔ ሲገባ የቀረውን በጨርቅ እየጠቀለለች ለጎረቤት ሁሉ አደለችው። ለእኔ ታፈረን መለሰችልኝ። የድሮው ምስማር ላይ ሰቀልኩት።

ነሐሴ ላይ አቶ ፋኑኤል የሚባል ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። በሩ ሲከፈት ክፍሉ ባዶ።

«ዕቃው የት ሄደ?»

«ዘመድ ጥየቃ» አለች ዐፊፋ።

አልሳቀም። «እማማ፣ ዛሬ ሁሉንም ካላየሁ ጠፍቷል ብዬ ነው የምጽፈው። ያኔ ሙዚየሙ ይዘጋል።»

ዐፊፋ ባጃጅ ጠራች። ሦስታችን ከኋላ ተጣብበን ሄድን። ጎረቤታችን ሪም ቤት ቅሉ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። አዛውንቱ ነገሪ ቤት ቅርጫቱ ከአልጋው በላይ ተንጠልጥሏል። የገባንበት ሁሉ በቆሎ እሸት ይጠበሳል። ሰውየው መዝግቦ ሊወጣ ሲል ነገሪ፣ «ተቀመጥ እንጂ ልጄ፣ ቅርጫቱ አይሄድብህም» አለው። ዘጠነኛው ቤት ላይ በቆሎውን እምቢ ማለቱን ተወ። አሥራ አምስተኛው ላይ ቀበቶውን አላላ።

ሃያ አንደኛው የእኔ ቤት ነው። ጣውላው ፊት ብዙ ቆመ።

«ማን ሠራው?»

«ባለቤቴ። ያቺ ከኋላ ፊቷን የሸፈነችው እኔ ነኝ።»

«ለምን ሸፈኑ?»

«አቧራው ነዋ» አልኩት። ያኔ መኪናው ላይ እያለቀስኩ ነበር፤ እሱን ግን ታፈረም አልሣለውም።

መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ሃያ አንዱም በደህና አሉ፣ ምስጥ የማይገባው ክፍል እስኪሠራ ክረምት ክረምት በየቤቱ ይቆዩ። ክፍሉ እስካሁን አልተሠራም።

ጥቅምት ሲመጣ ዐፊፋ ሥዕሉን ልትወስድ ጨርቋን ይዛ በሬ ላይ ትቆማለች።

«አንድ ሳምንት ጨምሪልኝ» እላታለሁ።

«የዝናሽ፣ አምናም እንዲህ ብለሻል። አራት ቀን።»

ዘንድሮ ግንቦት ሳያልቅ ምስማሩን አጠበቅኩት።