ዶርካስ ያልከፈተችው እጅ

ዶርካስ ፖብጆይ የኮልድብሩክን መንደር ሬሳ ሁሉ፣ ሽማግሌውንም ጨቅላውንም፣ ስታጥብ ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። ሁልጊዜ ውሃውን ለብ አድርጋ ነው። "ሬሳ ይበርደዋል እንዴ?" ብለው ሲስቁባት "እኔን ይበርደኛል" ትላለች።

ከሞተ ሰው እጅ ግን ምንም ነገር አታወጣም። የአራት ዓመት ልጇ በፈንጣጣ ሲሞትባት ራሷ አጥባው ነበር። ጨብጦት የሞተውን የአባቱን የኮት ቁልፍ ወስዳ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ከቀበሩት በኋላ መሳቢያውን በከፈተች ቁጥር ልጇን የቀማችው ይመስላታል። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

በሚያዝያ አንድ ሰኞ፣ የጋሪ ነጂው የጆዛያ ልጅ፣ የሦስት ዓመቷ ጁዲት፣ ከወፍጮው ኩሬ ሞታ ወጣች። ዶርካስ ተጠርታ ስትደርስ ልጅቷ እስከ ፀጉሯ ጭቃ ነበረች። የእንጀራ እናቷ ኬዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

"ጭቃውን ያንሱላት፣ እማማ ዶርካስ። አባቷ እንዲህ ሆና እንዳያያት።"

በድንገት የሞተ ሰው መርማሪው ሹም ሳያየው አይነካም። ዶርካስ ይህን ታውቃለች። አጠበቻት።

መርማሪው ሚስተር ሃሌት ረቡዕ ዕለት በፈረስ መጣ። ሸንጎው እንደ ወትሮው መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። አሥራ ሁለት የመንደሩ ሰዎች ምለው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ፤ ልጅቷ ጨርቅ ለብሳ መሃል ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። አደጋ ነው ካሉ ትቀበራለች። የሰው እጅ አለበት ካሉ ኬዚያ ወህኒ ትወርዳለች፤ ከዚያ የሚከተለው ገመድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጆዛያ ከሚስቱ ርቆ መስኮቱ ሥር ቆሟል።

"ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ ጌታዬ" አለች ኬዚያ። "'የዳክዬ ጫጩቶቹን ልያቸው' አለችኝ። አሁን ትመለሳለች ብዬ…"

"የምን ጫጩት?" አለ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ፣ ባለወፍጮው ተት። "ኩሬው የእኔ ነው። ዘንድሮ እንቁላሉን አይጠ መጎጥ ጨርሶት አንድም አልተፈለፈለም። ለውሸትም እኮ ልክ አለው!"

"ኩሬህን መቼ አይተህ ታውቃለህ?" አለ አንጥረኛው ኤሞስ። "ዓይንህ ከሰው ዱቄት ላይ ተነስቶ ነው?"

ሰዎቹ ሳቁ። ጠረጴዛው ትዝ ሲላቸው ዝም አሉ።

ሚስተር ሃሌት ጨርቁን ገልጦ አየ። "ማን አጠባት?"

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አለች ዶርካስ።

"ክልክል መሆኑን አታውቂም?"

"አውቃለሁ። ጭቃ ነበረች። ገላዋ ላይ አንድም ሰንበር የለም።"

"ታጥቦ ለቆ ይሆናላ!" አለ ተት።

"ሰንበር በውሃ የሚለቅ ቢሆንማ፣ ልጄ፣ የዚህ መንደር ሚስቶች ኩሬህን ባደረቁት ነበር።"

አሁን ግን ማንም አልሳቀም። ሁሉም ኬዚያን ያያሉ። ዶርካስ ነገሩ ወዴት እያዘመመ እንደሆነ ገባት።

"ቀኝ እጇን አላጠብኩም" አለች ዝግ ብላ። "ጨብጣ ነበር። የያዘችውን አልወስድባትም ብዬ ተውኩት።"

"ምን ይዛለች?"

"አላየሁም፣ ጌታዬ።"

የቀሚስ ቅዳጅ ሊሆን ይችላል፤ የሴት ፀጉርም ሊሆን ይችላል። ዶርካስ ወደ ኬዚያ ዞረች።

"ይክፈቱት፣ እማማ" አለች ኬዚያ።

ዶርካስ ከመጠጥ ቤቱ ባለቤት ለብ ያለ ውሃ ጠየቀች። ትንሿን እጅ ውሃው ውስጥ ትንሽ አቆይታ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች። መዳፉ ላይ ጭቃ የነካው ለስላሳ ቢጫ ላባ ነበር፤ ሁሉም ተደምሮ ጥፍር አያህልም።

ተት ተነስቶ ጎንበስ አለ።

"የጫጩት ነው" አለ። "ቄጠማው ውስጥ ተፈልፍለው ይሆናል። አላየሁም።" ባርኔጣውን አወለቀ።

በድንገተኛ አደጋ፣ የማንም እጅ ሳይኖርበት ሰጥማ ሞተች ተብሎ ተጻፈ፤ አሥራ ሁለቱም ፈረሙ።

"ሁለተኛ እኔ ሳልመጣ ሬሳ እንዳትነኪ" አለ ሚስተር ሃሌት ወረቀቱን እያጠፈ።

"ጌታዬም ሁለት ቀን አይቆዩብን።"

ዶርካስ ላባውን መልሳ መዳፉ ላይ አኖረችው። ጣቶቹ ግን ከእንግዲህ በራሳቸው አይጨብጡም።

"ነይ፣ ኬዚያ። አንቺ ዝጊላት።"

ኬዚያ መጥታ ትንሿን እጅ በእጇ ጨበጠችላት። ትንሽ ቆይቶ ጆዛያ ከመስኮቱ ሥር መጣና የራሱን እጅ ደረበበት።

ዶርካስ የቀዘቀዘውን ውሃ ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።