የብርቱካን ማስታወቂያ

ዛሬ እናቴ እኔ አጠገቧ ቆሜ ጎረቤታችንን ብርቱካንን «እንዳንቺ ያለ ይወለድ!» ብላ መረቀቻት።

ብርቱካን አብራኝ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራ ቤሩት የሄደች ናት። እኔ ደግሞ ከሰፈራችን በላይ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ እናቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ።

ከተመለሰች ወዲህ ድንች ይተከልበት የነበረውን ጓሮ በክፍል ሞልታ ለተማሪ ታከራያለች። ተወልጄ ባደግሁበት ሰፈር ጠዋት ሰላም የሚለኝ ሁሉ የማላውቀው ሰው ሆኗል። እሷን ግን ሁሉም ያውቃታል።

ቅናት ነው? አዎ፣ ቅናት ነው። ጾም ነውና አልዋሽም።

ምርቃቱ ሳያንስ ብርቱካን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስኪ የሚከራይ ክፍል አለ ብለሽ ማስታወቂያ ጻፊልኝ» አለችኝ።

እናቴ ቀደመችኝ፦ «ትጽፍልሻለች እንጂ! ምን ሥራ አላት?»

ጻፍኩላት። ከተመረቅሁ ወዲህ ትምህርቴ ሥራ ላይ የዋለው ዛሬ ነው። ግቢው ጸጥ ያለ፣ መብራት ያለው ብዬ አሳምሬ ጽፌ ባጃጅ መቆሚያው ላይ ለጠፍኩላት።

ከጓሮዋ ውሃ እንደማይጠፋ መጻፉን ግን ሆን ብዬ ዘለልኩት።

እናንተስ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ማን አስቀናችሁ? ምንስ አደረጋችሁ? ጻፉልኝ እንጂ፣ ብቻዬን አልኮነን።