የጎረቤት ጭረት

ስህተቴን ቶሎ የምቀበል ሰው አይደለሁም። እልኸኛ ነሽ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በዚህ እልኼ የአንዲትን ሴት እንጀራ ልዘጋ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ዙሪክ ውስጥ፣ ለፋብሪካዎች የፎቶ መመርመሪያ ፕሮግራም በሚሠራ ትንሽ ቢሮ በሙከራ ተቀጥሬ ነበር። ከከተማው ዳር ካለችው ዲቤንዶርፍ በባቡር እየተመላለስኩ የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራዬን ያዝኩ። ጄኔቫ ያለ አንድ የሰዓት ወርክሾፕ የሚያመርታቸውን የሰዓት ፊቶች ፎቶ እያየ ጭረት ያለበትን የሚለይ ፕሮግራም ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩት። ዘዴው ዌቭሌት ይባላል፤ የፎቶውን ጥቅል ቅርጽ ለብቻ፣ ጥቃቅን ዝርዝሩን ለብቻ አድርጎ ይከፍለዋል። ጭረት የሚገኘው ከጥቃቅኑ ውስጥ ነው። አንድ በአንድ ሲያይ ቀርፋፋ ሆነብኝና ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሁለት ፎቶ እየደረደርኩ በአንድ ጊዜ እንዲያልፉ አደረግኩ። ፍጥነቱን ሳይ ለራሴ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ለጄኔቫዎቹ ሳስረክብም ደረቴን ነፍቼ «ሰው የማያየውን ያያል» አልኳቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ከጄኔቫ ኢሜይል መጣ። የሰዓት ፊት በማለስለስ ብዙ ዓመት የሠራች አንዲት ሠራተኛ ሥራዋ በተደጋጋሚ እየወደቀ ነው፤ በማጉያ መነጽር ስናየው ጭረት አይታየንም፣ ፕሮግራሙ ግን ይጥለዋል፤ ወደ ማሸጊያ ክፍል ልናዛውራት ስለሆነ ከዚያ በፊት አረጋግጡልን ይላል። አለቃዬ ሄደሽ እዪ አለኝ። እኔ ግን የሄድኩት ልመረምር ሳይሆን ፕሮግራሜ ትክክል መሆኑን ላስረዳ ነው። ባቡሩ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል መከራከሪያዬን ሳሰማምር ደረስኩ።

ሠራተኛዋ ያሉበት ጠረጴዛ ሲያደርሱኝ ክው አልኩ። እናቴን የሚያህሉ የአገሬ ሰው ናቸው።

«ሐበሻ ነሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ይኼንን ፕሮግራም የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ ነሽ» አሉ። ምነው በሰደቡኝ አልኩ በልቤ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ማስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ከእኔ ጋር የምትሠራ አዲስ ባልደረባ አለችኝ። ገና እጇ አልተፍታታም። እዚህ ቤት ደንቡ በአንድ ጠረጴዛ ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ትሪ ነው የሚሞሉት። አንድ የእሷን፣ አንድ የእኔን፣ እያፈራረቅን እንደረድራለን። ሐሙስ ሐሙስ እሷ የፈረንሳይኛ ትምህርት ስላላት ትሪው የእኔ ብቻ ነው። የሐሙሱ አንድም ወድቆ አያውቅም። እንዴት ነው ነገሩ?»

«አጋጣሚ ይሆናል» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ፎቶው የሚነሣው ትሪው ላይ በተደረደረበት ተራ ነው። እኔም ለፕሮግራሙ የምደረድረው በዚያው ተራ ነው። ኮዱን ከፈትኩ። ስሌቱ በእያንዳንዱ ፎቶ ቁመትና ወርድ ላይ ብቻ መሄድ ሲገባው፣ እኔ አቅጣጫውን ስላልወሰንኩለት በፎቶዎቹ ረድፍም በኩል ይሄድ ነበር። ጎን ለጎን ያሉትን ፎቶዎች እየቀላቀለ የአንዱን ጭረት ለጎረቤቱ ያካፍላል። ስፈትነው አንድ አንድ ፎቶ እየሰጠሁት ስለነበር አልታየኝም። ጉድለቱ ያለው አንዲት መስመር ላይ ነው።

አፈርኩ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዝም ብዬ አስተካክዬ «የተሻሻለ ቅጂ» ብዬ መላክ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ማንም አያውቅብኝም። ሴትዮዋ ግን አጠገቤ ቆመው መልስ ይጠብቃሉ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። «የእርስዎ ሥራ ንጹሕ ነው። ፕሮግራሜ ነው የጎረቤቱን ጭረት በእርስዎ ላይ የለጠፈው።»

እዚያው ቁጭ ብዬ መስመሯን አረምኩና የሁለቱን ወር ፎቶ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አሳለፍኩት። ምሳ እንሂድ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ ሳልጨርስ ከዚያ ወንበር ላልነሣ ወስኛለሁ። የእሳቸው ሥራ እየተከታተለ እንከን ሳይገኝበት ወጣ። አለቃቸውን አስጠርቼ፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። በወረቀትም ጽፌ ፈረምኩበት፤ ዙሪክም ደውዬ ለአለቃዬ ነገርኩት። ሥራዬን አላጣሁም፤ በዚያች ሰዓት ግን የማጣ መስሎኝ ነበር።

አለቃቸው ይቅርታ ጠይቋቸው ዝውውሩን ሰረዘው። እሱ ሲሄድ ደስታቸውን ለማየት ቀና አልኩ። ሴትዮዋ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ያዩ ነበር።

«ሁለት ወር ሙሉ ይኼን እጄን ስጠረጥረው ከረምኩ» አሉኝ። «ሃያ ዓመት ያበላኝን እጅ። የማላውቅሽን አንቺን አምኜ።»