አምቦ ለምዘና ሄጄ የቆጠርኳቸው

እንጭኒ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

አሥራ አንድ ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ። ብቁ ነኝ የሚል ወረቀት ግን የለኝም። ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችን ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ጌጤ፣ የብቃት ምዘናውን ካላለፍሽ ክፍሉን ወረቀት ላላት ልጅ እሰጣለሁ። ከላይ የመጣ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» እንግዲህ አምቦ ድረስ ያስኬደኝ ይኸው ነው። የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ። የቀረኝ ተግባሩ ነው፤ የማላውቃቸውን ሕፃናት በሁለት መዛኞች ፊት ለሠላሳ ደቂቃ ማስተማር።

እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ። አንድ ፌስታል ሙሉ የታጠበ ቆርኪና አሥር ጊዜ የገለበጥኩትን የትምህርት ዕቅድ ይዤ ወጣሁ። እስከ ሆለታ የሲሚንቶ መኪኖች እየተጋፉን ወረድን። አንዱ ባለፈን ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ሆለታ፣ ሁለት ሰዓት

የአምቦ ሚኒባስ እስኪሞላ ሻይ በአምባሻ አዘዝኩ። ሻዩን ጠጣሁ፤ አምባሻውን ሳልነካው ተውኩት። ስንሳፈር ቆጠርኩ፦ ከሾፌሩና ከረዳቱ ጋር አሥራ አምስት ነን።

ስለዚህ መቁጠር ነገር ልናገር። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ከክፍሌ ወጥቶ ጠፋብኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ስንፈልግ ቆይተን፣ ለግንባታ በተቆፈረና ውሃ በሞላው ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠጠር ሲወረውር አገኘነው። ልጁ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ባለፍኩ ቁጥር ሰው እቆጥራለሁ፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር! ባለቤቴ «አንድ ቀን እኛንም ስም ትጠሪብናለሽ» እያለ ይስቅብኛል።

ጊንጪ ሳንደርስ

የዚህ መንገድ ነገር አይታወቅም፤ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው። ጊንጪ ልንገባ ስንል «ውረዱ፣ ፍተሻ ነው» ተባልን። አንዱ ፈታሽ ፌስታሌን ከፈተና ቆርኪዎቹን እያማሰለ «ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«የኬጂ መምህርት ነኝ፤ ልጆች የሚቆጥሩበት ነው» አልኩ። ፊቴን አየና ፌስታሉን መለሰልኝ። ፌስታሌን አቅፌ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሊሄድ ሲል ቆጠርኩ። አሥራ አራት! «ኧረ አንድ ሰው ጎድሏል!» ብዬ ጮህኩ።

«አዴ፣ ሁሉም ገብቷል፤ ሰዓት አያባክኑብን» አለ ሾፌሩ፣ እንደ ታላቅ እህት አክብሮ በኦሮምኛ እየጠራኝ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ከመንገዱ ዳር ካለ ባሕር ዛፍ ጀርባ ብቅ አሉ። መኪናው በሳቅ ሞላ። «እርስዎን ነበር ረዳት አድርጎ መቅጠር» ብሎ ሾፌሩ እስከ አምቦ ሲቀልድብኝ ሄደ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሽማግሌውን እዚያ ፍተሻ ላይ ጥለናቸው ብንሄድስ?

አምቦ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ምዘናው ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ ኬጂ ውስጥ ነው። ከመዛኞቹ ዋናዋ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው «ጀምሪ» አሉኝ።

ልጆቹን ግቢው ውስጥ አሰልፌ ቆጠርኩ፤ ሃያ። አንዱ የሌላውን ልብስ ይዞ እንደ ባቡር እየዘፈንን ክፍል ገባን። በሩ ላይ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ!

«አንድ ልጅ ጎድሏል» አልኩ።

«መዝገቡ አሥራ ዘጠኝ ነው የሚለው። ቀጥዪ፣ ሰዓትሽ እየሄደ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ግቢው ውስጥ ግን ሃያ ነበሩ!»

ያ ጉድጓድ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። «በእመቤቴ፣ እነዚህን ይያዙልኝ» ብያቸው ወጣሁ። ሽንት ቤቱን አየሁ፤ ማንም የለም። ዥዋዥዌው ጋ ሮጥኩ፤ እዚያም የለም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል፤ ከማዶ የወንዙ ድምፅ ይሰማል።

በመጨረሻ በሩ አጠገብ ያለው የዘበኛ ጎጆ ውስጥ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ሦስት ዓመት የማይሞላት ልጅ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ በሶ ትበላለች።

«የኔ ልጅ ናት እኮ» አሉ ዘበኛው ተደናግጠው። «ገና አልተመዘገበችም። ልጆች ሲሰለፉ ካየች አብራ ትሰለፋለች፤ በሩ ላይ ስትደርስ እመልሳታለሁ። መምህሮቹ ሁሉ ያውቃሉ።»

ወይ ጣጣዬ! ልስቅ ወይስ ላልቅስ? ስመለስ ብዙው ሰዓት አልቋል። ቆርኪ አድዬ በኦሮምኛ እስከ አምስት ማስቆጠር ጀመርኩ፦ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...» ሦስት ላይ ስንደርስ «በቃ» ተባልኩ።

ከሰዓት በኋላ አዴ ጫልቱ ለብቻዬ ጠሩኝ። ቅጹ ላይ «ገና ብቁ አይደለችም» ይላል።

«ያልሠራሽውን ሠርታለች ብዬ አልፈርምም» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «አንቺ ከወጣሽ በኋላ እኔም ቆጠርኳቸው፤ ሦስት ጊዜ። ያደረግሽውን የምጽፍበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ ፈልጌ አጣሁ። በሚቀጥለው ዙር ነይ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። እንባዬ የመጣው ሚኒባሱ ውስጥ፣ ተሳፋሪ ስቆጥር ነው።

እንጭኒ፣ በማግስቱ

ርዕሰ መምህሩ እንዳሉት አደረጉ። ክፍሌን ሀዊ የምትባል፣ ዲፕሎማዋ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ልጅ ተረከበች፤ እኔ እስከሚቀጥለው ዙር ረዳቷ ሆንኩ። ልቀየማት ፈልጌ ነበር። ደግ ልጅ ናት፣ ምን ልበላት? ድምፅዋም ያምራል።

ወረቀቱን ባገኝ ፍርሃቴ የሚለቀኝ ይመስለኝ ነበር። አምቦ ላይ የገባኝ ግን፣ ወረቀት ኖረኝም አልኖረኝም ይሄ ፍርሃት ከኔ ጋር እንደሚኖር ነው። ከእረፍት በኋላ ሀዊ ሠላሳ አንዱን ልጆች አሰልፋ፣ ፊት ፊት እየዘፈነች፣ ዞር ብላ ሳታይ ወደ ክፍል መራቻቸው። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ቢረፍድስ? ሮጬ በሩ ላይ ቀደምኳትና ዘፈኑን አስቆምኩ።

«እዚህ ቁሚ» አልኳት። «የእያንዳንዱን ልጅ ራስ እየነካሽ ቁጠሪ።»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። ከዚያ እጇን የመጀመሪያው ልጅ ራስ ላይ አድርጋ «ቶኮ» አለች። ሠላሳ አንድ እስክትል ድረስ እኔ አልተነፈስኩም።