ራሱን የሚዘጋው የአድማሴ በር

እንኳን ደስ ያላችሁ! ገመዱ ተቆርጧል፣ ሰዉም ገብቷል! የማን ገመድ ትሉኝ እንደሆነ፣ የላሊበላው ሸማኔ የአድማሴ ነው።

አድማሴ ውሎው ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ነው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ውሎ ሲመለስ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። ፍየል በገባች፣ ብርድ በነፈሰ ቁጥር እየተነሳ በር መዝጋት ታከተው። አንድ ቀን ገመድ በጉበኑ ላይ አሳልፎ ከበሩ ጀርባ ድንጋይ አንጠለጠለ። በሩ ተገፍቶ ሲለቀቅ ድንጋዩ ወርዶ ይዘጋዋል። ወይ ደስታ! ወንድ ልጅ የተወለደለት መሰለው። እየከፈተ ሲዘጋ ያየዋል፣ ደግሞ ይከፍተዋል።

በዚህ መች በቃው! ከስጡ ላይ ዶሮ የሚያባርር ቃጭል ከእግሩ ጣት ጋር አገናኘ፤ የጋኑን ክዳንም በገመድ ሳበ። ገመዱ ሲበጠስ ይቀጥላል፣ ሲጠላለፍ ይፈታል። መነሳት የታከተው ሰው ሲነሳ ሲቀመጥ ይውል ጀመር፤ ሸማው ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው ሚስቱ ስሜነሽ ነጠላዋን ከገመድ እያላቀቀች፣ «እኔን ነው ወይስ ዶሮዋን ያጠመድከው?»

«ቀድማ የተያዘችውን!»

እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ቤታቸው ሰው ከረገጠው ሰነባብቷል። ዛሬ ደግሞ የማርያም ማኅበር ተራቸው ነው፤ ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው ቀርቧል፣ ሰው የለም።

«ምን በደልኳቸው?» ብላ ምድጃው አጠገብ ኩርምት አለች።

አድማሴ ወጣ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ ሊባኖስ ከደጅ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማኅበርተኛው ዙሪያቸውን ቆሟል።

«አባ፣ ምነው አይገቡም?»

«በጠራራ ፀሐይ በሩን የዘጋ ሰው እንግዳ አልፈለገም። ሰሞኑንም ይኸንኑ አይቼ ተመለስኩ።»

«ኧረ እኔ አልዘጋሁትም! ራሱ ነው!»

«ይባስ! ቤቱም ጠልቶናላ!»

ሁሉም ሳቁ። አድማሴ አልሳቀም፤ የዓመቱ ድካም ባንዴ የወረደበት መሰለው። በሩን ገፍቶ ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቀፈ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪገባም እንደታቀፈ ቆመ። ከዚያ ቢላ ተቀብሎ ገመዱን ቆረጠ።

«ግቡ! ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ!» የስሜነሽ ድምፅ ደምቋል።

«እንግዲህ ማን ሊዘጋው ነው?» አላት ግድግዳውን ተደግፎ እየተቀመጠ።

«ማን ዝጋልኝ አለህ?» ብላ ዋንጫውን ሞልታ ሰጠችው።

ጎረቤታቸው ብርቅዬ ግን በዚያ በር አኩርፋ ከቤቷ ቀርታለች። ጠላው ሳያልቅ ልሩጥና ልንገራት!