ለካዮቲ የተሰጠ ሥጋ

ዛሬ ዳንፎርዝ ጎዳና ባለው ሥጋ ቤት ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ የቆመ ጎረምሳ የበግ ሳንባ ጠየቀ። ባለሥጋ ቤቱ ለምን እንደሚፈልገው ቢጠይቀው፣ "ካዮቲ ላድንበት ነው፤ ሽታው ይጠራዋል" አለ፣ ዳቦ እንደሚገዛ ሰው ቀለል አድርጎ። የሳንባው ሽታ ሲመጣብኝ ደሜ ፈላ።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ከሐረር ወደዚህ ውጭ አገር መጥተው ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አብረውን ይኖሩ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ለአረፋ ከታረደው በግ ትራፊ ካለን ለካዮቲ እንደሚሰጠው ነገረን። ካዮቲ ተኩላ የሚመስል አውሬ መሆኑን ለአያቴ አስረዳኋቸው። ፊታቸው በራ። በአገራቸው ጅብ በስሙ እየተጠራ ከሰው እጅ ይጎርሳል። እዚህም እንዲህ ያለ ደግ ሰው አለ ብለው የበጉን ሳንባ ሰጥተው ደህና ሥጋም ጨመሩለት።

ሰውየው በሳምንቱ ሊያመሰግን መጣ። ስልኩን አውጥቶ፣ ከሥጋችን አጠገብ የተዘረረ ካዮቲ አሳየን። ጥይቱ አንገቱን በስቶታል።

አያቴ ስልኩን በእጃቸው ገፉት። "ጠርቶ፣ እያበላ ነው የገደለው? ንገሪው፤ ጠላቴ ነው ካለ ሄዶ ይፈልገው። እየጎረሰ ያለ እንግዳ ላይ ይተኮሳል? ያውም በእኔ ሥጋ።"

ነገርኩት። "ሌጋል ነው እኮ፤ ሕጉ ይፈቅዳል" አለ ሰውየው። አያቴ እስክተረጉምላቸው አልጠበቁም፤ በሩን ዘጉበት።

ዛሬ ግን ባለሥጋ ቤቱ ሳንባውን ጠቅልሎ ለጎረምሳው ሰጠው። እኔም ምንም ሳልገዛ ልወጣ ስል ጎረምሳው በሩን ከፍቶ ያዘልኝና በፈገግታ እንዳልፍ ጋበዘኝ።

ጠርቶ የሚገድል ሰው በከፈተው በር አላልፍም፤ እሱ ካልቀደመኝ አልወጣም ብዬ ቆምኩ።