የረቡዕ አይብ

ልጄ አንቱ ትለኝ ነበር። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ሲሰማ ያመሰግነናል። "በዚህ ዘመን እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ!" ይላል። ባለቤቴ ደስ ይላታል። እኔ ሻዬን እጠጣለሁ። ምን ልበል? ልጅቷ እናቷን አንቺ፣ ጎረቤታችንን አዴን አንቺ፣ ድመቷንም አንቺ እያለች "አባዬ፣ ይቀመጡ" የምትለው ለእኔ ብቻ ነው። በቤታችን ከእኔ ሌላ አንቱ የሚባል ሰው ቢኖር ግድግዳው ላይ በፍሬም ያሉት አማቴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከሞቱ ቆይተዋል።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከተወለደች ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከሱሉልታ ዱከም በየቀኑ መመላለስ ማለት ዕድሜን በታክሲ ሰልፍ መጨረስ ስለሆነ፣ እዚያው አንድ ክፍል ተከራይቼ ቅዳሜ ማታ እመጣለሁ፣ እሁድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ሕፃን የሚያውቀው የሚያየውን ነው። በሳምንት አንዴ ብቅ የሚል፣ ሲመጣ ዶሮ የሚሠራለት፣ ጥሩው ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥን የሚወጣለት ሰው ምን ይባላል? እንግዳ ይባላል። እንግዳ ደግሞ አንቱ ነው።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ሱሉልታ፣ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ። ጠዋት በጊዜ ገብቼ ስምንት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ዘጠኝ ተኩል ነው። ያን ጊዜ በሐሳቤ ያልሣልኩት ነገር አልነበረም፤ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት፣ ስትሮጥ ስትመጣ፣ ቦርሳዋን ስቀበላት። በመጀመሪያው ቀን እውነትም በር ላይ ቆምኩ። እሷም መጣች። "ደህና ዋሉ፣ አባዬ" ብላ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝና አልፋኝ ሄደች።

"የት ነው የምትሄጂው?" አልኳት።

"ቤት" አለችኝ፣ የአዴን በር እያሳየችኝ።

አዴ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው፣ ሱሉልታ ከተማ ሳይባል ጀምሮ እዚሁ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አሁን እርሻው በቤት ተከቦ ቢያንስም አምስት ላሞች አሏቸው፤ ሰፈሩ ወተትና አይብ የሚገዛው ከእሳቸው ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ቢሮ ውላ የምትመለሰው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ ልጄ ያደገችው በአዴ ጀርባ ነው። በኦሮምኛ ስቃ፣ በአማርኛ አልቅሳ ያደገችው እዚያ ነው። አመስጋኝ መሆን ነበረብኝ። ነበርኩም። ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ ቀንቻለሁ። አንዲት የስድሳ ዓመት ሴትዮ ላይ እንደ ጎረምሳ ቀንቻለሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። "ተዋት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለችኝ። ከዚህ ሁሉ ምክር እኔ የወሰድኩት እንቁላሉን ነው። ሦስቱን ሰብሬ ዱቄት ውስጥ ጨመርኩት።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከስልኬ ነው። አንዲት ጥፍሮቿ ንጹሕ የሆኑ ሴትዮ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚበሉትን በቺዝ የተሠራ መክሰስ ስትጋግር የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር። ልጆቿ በሩን በርግደው ሲገቡና ሲሻሙ አየሁ። በቃ፣ መፍትሔው ይኸው ነው አልኩ።

ቺዝ በአማርኛ አይብ ነው ብሎ ያስተማረኝ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ነው። ይህን የሚል ሰው ሁለቱን እሳት ላይ አስቀምጦ አያውቅም። የሴትዮዋ ቺዝ ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል፣ ሲስቡት እንደ ክር ይረዝማል። የእኛ አይብ ኩሩ ነው። ቢነድበትም አይቀልጥም፤ በውስጡ ያለውን ውሃ ግን ያለ ሀፍረት ይለቀዋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በወቅቱ የማውቀው ያኛው ቺዝ በሰፈራችን ሱቅ እንደሌለ፣ አይብ ግን አጥር ተሻግሮ እንዳለ ብቻ ነው።

አዴ ጋ ሄድኩ። "አካም ጅርታ?" አሉኝ፤ ደህና መሆኔን ነግሬ አንድ ኪሎ አይብ እንዲመዝኑልኝ ጠየቅኳቸው።

"ለማን ነው?"

"ለልጄ መክሰስ ልሠራላት ነው።"

"ለልጅህ?" ብለው ወደ ጓሮ በር አዩ። ልጄ ዱካ ላይ ተቀምጣ ዳቦ በአይብ እየበላች ነው። አዴ መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥለው እኔን፣ በመጨረሻ በእጃቸው ያለውን አይብ አዩና ሳቃቸው መጣ። "ወይ ጉድ! በእኔ አይብ ልትወስድብኝ ነው?" አሉ። አይቡን ግን አብዝተው ሰጡኝ።

ምድጃችን ኦቨን አለው። ከተገዛ ጀምሮ ግን ድስት ማስቀመጫ ነበር፤ መጀመሪያ ሰባት ድስትና አንድ መጥበሻ አወጣሁ። አይቡን ከእንቁላል፣ ከዱቄትና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ለውሼ በጣት ቅርጽ ደርድሬ አስገባሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስከፍት ጣቶቼ የሉም። ትሪው ላይ አጓት ሞልቶ፣ መሀሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። ልጄን ከአዴ ቤት ጠርቼ አቀረብኩላት። በማንኪያ አንዴ ቀመሰች። "በጣም ይጣፍጣል፣ አባዬ። እግዜር ይስጥልኝ። ጠገብኩ" አለች። የማንም ስድብ እንደዚህ አላቆሰለኝም።

በሳምንቱ ዱቄት አበዛሁበት። በዚህኛው ጊዜ ቅርጹ ፍጹም ነበር፤ ጥርስ የማይገባበት ፍጹም። ልጄ አንዷን በሶፍት ጠቅልላ "በኋላ እበላታለሁ" ብላኝ ሄደች። ከሁለት ቀን በኋላ የአዴ ውሻ ያችኑ ይዞ ሲታገል አየሁት። በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ጉድጓድ ቆፈረና ቀበራት።

አዴ ከአጥራቸው ወዲያ ሆነው ይህን ሁሉ ሲያዩ ነበር። አንድ ማክሰኞ ሦስተኛውን አይብ ልገዛ ስሄድ አላስቻላቸውም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉኝ። "አይቡን በንጹሕ ሻሽ ቋጥረህ አንጠልጥለው፤ ሲንጠባጠብ ይደር። ዱቄቱን ጥቂት ብቻ። ቅቤ አትሰስት። ነገ ጋግረው።" እንዳሉኝ አደረግሁ። ማግስቱ ምን ቀን እንደሆነ ያውቁ እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

በማግስቱ ከሥራ መጥቼ ጋገርኩ። ቤቱ በቅቤና በጥቁር አዝሙድ ሽታ ተሞላ። አሥራ አምስት ጣት፣ ሁሉም ወርቃማ፣ ሁሉም ቀጥ ያሉ። በሩን ከፍቼ ሽታው መንገድ እንዲወጣ አደረግሁ፤ ሳህኑንም በበሩ ትክክል አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ልጄ መጣች። "ደህና ዋሉ" ብላ ሁለት እርምጃ እንዳለፈች ቆመች። አፍንጫዋን ከፍ አደረገች። ዞረች። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ወደ ቤቷ ገባች።

እጇን ዘረጋች። እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

"አባዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው።"

እንዴት እንደረሳሁት ልናገር። ዱከም ብቻዬን ስኖር ረቡዕና ዓርብን የሚያስታውሰኝ የምበላበት ምግብ ቤት ነበር፤ በየዓይነቱ ብቻ ነው ያለው ካሉኝ ጾም ነው። ቤቴ ስገባ አስታዋሼ ቀረ። ልጄ ግን ሰባት ዓመት ከሞላትና ጾም ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ አዲስ ጿሚ ደግሞ ከቄስ የባሰ ጥብቅ ነው።

"ገና ትንሽ ልጅ ነሽ እኮ፣ አንዷ ምንም አትልም" አልኳት፤ ይህን ስናገር ማፈሬ አልቀረም።

"ሰባት ዓመቴ ነው" አለች። "አንቱም አይበሉም።"

አሁን ወደ አዴ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሄደችም። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

"እስከ ነገ ማን ይጠብቃቸዋል?"

"እኔ።"

ለጅብ ሥጋ አደራ እንደሚሰጥ ሰው አየችኝ። ወንበር ስባ ሳህኑ አጠገብ ተቀመጠች፣ አንድ ሁለት እያለች ቆጠረቻቸው፣ ደብተሯን አወጣችና የቤት ሥራዋን ጀመረች። እኔም ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ወዲያ አዴ "ኮቱ!" እያሉ ጠሯት፤ ነዪ ማለታቸው ነው። ልጄ ከወንበሯ ሳትነሣ "ዛሬ ሥራ አለኝ!" ብላ ጮኸች። አዴ አልሰሙም መሰለኝ ደግመው ጠሩ። ልትነግራቸው ወደ አጥሩ ሮጠች።

አንድ ደቂቃ አይሞላም። ጨው አንሶት ይሆን ብዬ ነው። እውነቴን ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አንዷን አንስቼ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጨው አላነሳትም።

ልጄ ተመለሰች። ሳህኑን አየች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ ጺሜ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አየችና፣ ጣቷን ቀስራ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ፦

"አንተ! በላህ አይደል?"

አፌ ሙሉ ስለነበር ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ዓይኔ ውስጥ የመጣውን ውሃ ትኩስነቱ ነው ብዬ አሳበብኩ።

"በጾም! አባዬ፣ በጾም በላህ!" አለች። የምር ደንግጣ ነበር። ጥቂት አሰበች። ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለእማዬ አልነግርብህም። ለአዴም አልነግርብህም። ነገ ግን ከአንተ ድርሻ አንድ ይቀነሳል።"

ባለቤቴ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ስትገባ ሁለታችንም ሳህኑን ከበን ዝም ብለን ተቀምጠናል። "ማን ሞተ?" አለች። "ማንም" አለች ልጄ። "አባዬ፣ ላጲሱን አቀብለኝ።" ባለቤቴ ይሄን ብልግና ከየት ተማርሽው ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቴን አየችውና ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ ዘጠኝ ተኩል ላይ በሩ ተበረገደ። ስድስት በላች። አራቱን በሶፍት ጠቀለለችና "አዴ ጋ ደርሼ ልምጣ" አለችኝ። መምጣት የምትለው ወዴት እንደሆነ ልብ ያልኩት ከወጣች በኋላ ነው።

እንግዳ አሁንም ይመጣል፤ ጨዋ ልጅ ብሎ የሚያመሰግነን ግን የለም። ባለፈው እሁድ አንዲት የባለቤቴ ዘመድ ሻይ እየጠጣች ሳለ ልጄ ከጓሮ ገባችና "አባዬ፣ ተነሥ፣ የእኔ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥከው" አለችኝ። ሴትዮዋ ስኒዋን አስቀምጣ፣ ልጅን ሲያቀብጡት እንዲህ ነው የሚሆነው ብላ ገሠጸችን።

እኔ ተነሣሁላት።